መስታወቱ ጭጋግ ሲለብስ ስክሪን ላይ ቁልፍ ፍለጋ፦ እናንተስ እንዴት ትነዳላችሁ?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳልጽፈው ብተኛ እንቅልፍም አይወስደኝ።

ኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ስድስት ወር አይሞላኝም። ቻይና ሠራሽ ናት፣ ስሟን ተዉት። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቪትዝ ነድቻለሁ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከልና የአሮጌው ዋጋ ሰማይ ሲነካ እኔም እንደ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ዞርኩ። በወጪዋ አልቆጭም፤ ማደያ ሰልፍ ላይ የቆምኩበትን ቀን ረስቼዋለሁ።

ትናንት ግን ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስሄድ ያ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ልጄ ከኋላ ናት። የሁለታችን ትንፋሽና የረጠበ ጃኬታችን ተደማምሮ የፊት መስታወቱ ባንዴ ነጭ ሆነ። ቪትዟ ብትሆን ዓይኔን ከመንገድ ሳልነቅል አንዷን ማዞሪያ እስከ ጥግ አዞራት ነበር፤ እጄ ራሱ ያውቃታል። አዲሷ ማዞሪያ የላትም፣ ያለው ስክሪን ነው። ስክሪኑ ደግሞ ቻይንኛ። ካርታውን ዝጊ፣ የአየሩን ገጽ ክፈቺ፣ ከዚያ ስዕሉን ፈልጊ። የሚመሳሰሉ ሁለት ስዕሎች አሉ። አንዱን ነካሁ፣ ምንም የለም። ሌላውን ልነካ ስል ጎማው ጉድጓድ ገባና ጣቴ የመቀመጫ ማሞቂያው ላይ አረፈ። ቀና ስል ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ቆሞ ሰው እያወረደ ነው። ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላውቅም። ስንት ሲቀረን እንደቆምን አልናገርም፤ ረዳቱ ዞሮ ያየኝ አስተያየት ግን እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

እኔ ነኝ ሰነፍ፣ ወይስ ይሄ ነገር እውነትም አደገኛ ነው?

ጋራዥ_ዳር

እንኳን እግዜር አተረፋችሁ እህቴ።

አንድ ነገር ያዢ። ጽሑፉ ቻይንኛም ይሁን ዓረብኛ ስዕሉ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ወደ ላይ የሚወጡ ሦስት የተጣመሙ ቀስቶች ታያለሽ። ከቀስቶቹ በስተኋላ ያለው ቅርጽ ከላይ ቅስት ካለው የፊት መስታወት ነው፤ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ የኋላ ነው። መጀመሪያ የነካሽው የኋላውን ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ምንም ያልሆነው። ኤሲውንም አብሪው። ብርድ ነው ብለሽ አትተይው፣ እርጥበቱን የሚያደርቀው እሱ ነው። የውስጡን አየር ብቻ የሚያሽከረክረውን ደግሞ አጥፊ፤ ትንፋሻችሁን መልሶ መስታወቱ ላይ ነው የሚለጥፍባችሁ።

ሰነፍ አይደለሽም። እኔ ሃያ ዓመት በሙያው ቆይቼ፣ የደንበኛ መኪና ላስገባ ተቀምጬ መብራቱ የት እንደሚበራ ጠፍቶኝ ባለቤቱን ስልክ ደውዬ የጠየቅኩበት ቀን አለ።

ቱርቦ_ልጅ

ይቅርታ ግን ይሄ የሾፌር ችግር ነው። ከመነሳትሽ በፊት አስተካክለሽ ብትወጪ ምንም አትነኪም ነበር። አገሩ ሁሉ ስልክ እየጎረጎረ እየነዳ ስክሪን ላይ ምን አስጮኸን? ቁልፍ የናፈቀው ላዳ ይግዛ ሃሃሃ

የሰሚቷ

መገናኛ ስነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ቢነግረኝ አስተካክዬ እወጣ ነበር ወንድሜ።

የስቶክሆልሙ

ቱርቦ፣ «የሾፌር ችግር» የሚለውን እዚህ አገር ሰዎች ለክተው አይተውታል። ቪ ቢሌጋሬ የሚባል የመኪና መጽሔት አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. አሥራ አንድ አዳዲስ መኪኖችና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70 አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አሰልፎ ፈተናቸው። ፍጥነቱ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር። ሥራው ተራ ነገር ነው፦ የመቀመጫ ማሞቂያ አብራ፣ ሙቀቱን በሁለት ዲግሪ ጨምር፣ የመስታወት ጭጋግ ማጥፊያውን ክፈት፣ ሬዲዮ አንድ ጣቢያ ላይ አድርግ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርግ፣ የዳሽቦርዱን ብርሃን ቀንስ። ሾፌሮቹ ፈተናው ሳይጀመር መኪኖቹን እንዲለምዱ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ «አልለመዱትም» የሚለው አያስኬድም።

አሮጌው ቮልቮ ሁሉንም በ10 ሰከንድ ጨረሰ፣ 306 ሜትር ተጉዞ። ቴስላ ሞዴል 3 ከ23 ሰከንድ በላይ ፈጀ። ቢኤምደብሊው አይኤክስ 30 ሰከንድ። መጨረሻ የወጣው ኤምጂ ማርቭል አር 45 ሰከንድ ያህል፤ በዚያ ጊዜ ከ1,300 ሜትር በላይ ሄዷል። አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አስቡት፤ አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሙሉ ዓይንህ አንዴ መንገድ፣ አንዴ ስክሪን።

ግን እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ስክሪን ያለው ቮልቮ ሲ40 በ13.7 ሰከንድ ጨርሷል። ርካሹ ዳሺያ ሳንዴሮም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ስክሪን መሆኑ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ የሚፈለገው ነገር ስንት ገጽ ከኋላ ተቀብሯል የሚለው ነው።

ቱርቦ_ልጅ

እሺ ስዊድን መንገዱ ባዶ ነው፣ እኛ ጋ ማን 110 ይነዳል? መገናኛ 20 ነው የምትሄደው።

የስቶክሆልሙ

በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓትም በአንዲት ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትሄዳለህ። ሁለት ሰከንድ ስክሪን ካየህ 16 ሜትር ዓይንህን ጨፍነህ ነድተሃል ማለት ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ጊዜ ዓይን ከመንገድ ሲነቀል ከሁለት ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ሥራው በጠቅላላ ከ12 ሰከንድ እንዳያልፍ ይላል። ግዴታ ያልሆነ መመሪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ እዚያም ብዙ መኪና የሚያልፈው አይመስለኝም።

እኛ ጋ ደግሞ በ16 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሻገር አንተው ታውቃለህ። አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ቤቴል_እናት

የሰሚቷ፣ ልጅሽ ደህና ናት? ሰው ሁሉ ሰከንድ ሲቆጥር ይህን የጠየቀሽ የለም።

የሰሚቷ

ደህና ናት እናቴ፣ ተባረኪ። «ማሚ ለምን ቆምሽ» ብላ ወደ ታብሌቷ ተመለሰች። እሷም ስክሪን ላይ፣ እኔም ስክሪን ላይ።

ቨርጂኒያ_ሐበሻ

እኔ የተለየ አስተያየት አለኝ፣ አትቆጡኝ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ታክሲ ከዚያም ኡበር ስነዳ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አሁን የያዝኩት ሁሉ ነገሩ በአንድ ትልቅ ስክሪን የሚሠራ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ካርታው እንደ ጋዜጣ ተዘርግቶ ሲታየኝ ድሮ ስልክ መስኮት ላይ ሰክቼ ካየሁበት ጊዜ ይልቅ መንገዱን ብዙ አያለሁ። ወደ ኋላ ስሄድ ካሜራው ሕፃንም ድመትም ያሳየኛል። እንዲያውም እዚህ አገር ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ኋላ ካሜራ አዲስ መኪና መሸጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ስክሪን የሌለው አዲስ መኪና የለም ማለት ነው። መጥረጊያና ሙቀት በድምፅ አዛለሁ። እንግሊዝኛዬን ከተሳፋሪዎቼ ይልቅ መኪናው ይሰማኛል።

እንግዲህ ስክሪን ሁሉ ይውጣ ማለት አይመቸኝም። የሷ ችግር ግማሹ ቻይንኛው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ለኢትዮጵያ ሲሸጥ ቋንቋውን ሳይቀይር የሸጠው ሰው ነው መጠየቅ ያለበት።

የሰሚቷ

ሻጩን ጠይቄው ነበር። «ትለምጂዋለሽ» አለኝ። በድምፅ ላዝዝ ብል ደግሞ «ኒ ሃው» ካላልኩት አይነቃም፤ ልጄ ተምራዋለች፣ እኔ ገና ነኝ።

የኮሎኟ

መጥረጊያ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ጀርመን አንድ ሾፌር ቴስላ እየነዳ ከባድ ዝናብ ይመጣበታል። መጥረጊያው የሚበራው መሪው አጠገብ ባለው ዘንግ ነው፤ የመጥረጊያውን ፍጥነት መቀየር የሚቻለው ግን በስክሪኑ ነው። እሱን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ መታ። ፍርድ ቤት 200 ዩሮና የአንድ ወር ከመንዳት መታገድ ፈረደበት። ይግባኝ አለ። የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ፍርዱን አጸናው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከመኪናው ጋር የተገጠመው ስክሪንም ልክ እንደ ስልክ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ ረጅም ጊዜ ማየት ካስፈለገ እየነዱ መንካት አይቻልም።

እኔን የገረመኝ ያ ሰው ስልክ አልነካም፣ ሙዚቃ አልቀየረም። ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያ አስተካከለ። ፋብሪካው እዚያ አስቀመጠለት፣ ቅጣቱ ለሱ ሆነ።

ቱርቦ_ልጅ

ይሄኛው ግፍ ነው፣ አልክድም።

ሃንጋር_3

አውሮፕላን ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፣ ግን ጥያቄው የኛ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ልግባበት።

ኮክፒት ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ የጎማ ማውረጃው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ የመሰለ ነገር አለ። የፍላፑ (ለመነሳትና ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ዘንግ ጫፍ ደግሞ ጠፍጣፋ፣ እንደ ክንፍ ጠርዝ ነው። ለጌጥ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ ፍላፑን እንሰብስብ ብለው ጎማውን ይሰበስቡት ነበር፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አስፋልት ላይ ይተኛል። ሁሉም «የአብራሪ ስህተት» ይለዋል፣ ልክ ቱርቦ እንዳለው። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ሥነ ልቦና ባለሙያ መጥቶ ሲያይ ሁለቱ ማብሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። አንዱ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ ሌላው ላይ ሽብልቅ ነገር ለጠፈ። እጅ በጨለማም ይለየዋል። ያ አሠራር እስከ ዛሬ ደንብ ሆኖ አለ።

አሁን በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ተች ስክሪን እየገባ ነው፤ አልቃወምም። ካርታና ዝርዝር ማየት በሱ ይሻላል። የጎማው ዘንግ ግን የትም አልሄደም።

ተቃራኒውን የሞከረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጆን ኤስ ማኬይን የሚባለው የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። መሪውንና የሞተሩን ኃይል የሚያዙት በስክሪን ነበር። ቁጥጥሩ ከአንዱ የማዘዣ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዛወር ግራ ተጋቡ፣ መሪው የጠፋ መሰላቸው፤ ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ መቀነስ ሲገባቸው አንዱ ብቻ ቀነሰና መርከቡ ዞረ። የሥልጠናና የድካም ጉዳይም አለበት፣ ሁሉን በስክሪን አላሳብብም። ከምርመራው በኋላ ግን ባሕር ኃይሉ የሞተር ማዘዣውን ወደ እጅ ዘንግ ለመመለስ ወሰነ። የመርከበኞቹም አስተያየት ሲጠየቅ ያንኑ ነው ያሉት።

ጋሽ_ኤንትሬ

ልጆቼ፣ ሳነብ ቆየሁ። እኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዤ አሰብ የተመላለስኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ለስክሪን አይሆንም፣ ይህንንም የልጅ ልጄ ነው የምትጽፍልኝ።

የኛ መኪና ማብሪያ ሦስት አራት ቢሆን ነው። በሌሊት መብራት፣ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ ሁሉንም በእጅ አውቀዋለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን «ድሮ ሐሳብ የሚሰርቅ ነገር አልነበረም» እንዳትሉ። ከሚሌ አልፌ ወደ ሰርዶ ስሄድ ካሴት ልቀይር ብዬ ካሴቱ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ አልኩ። ረዳቴ ሲጮህ ቀና ስል መኪናው ከነጭነቱ አሸዋ ውስጥ ነው። በረሃ ባይሆን፣ ከፊቴ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ ይህን አልነግራችሁም ነበር። ተጎትተን እስክንወጣ አንድ ቀን ተኩል ፈጀን፤ ረዳቴ ካሴቱን ወስዶ እስከ አሰብ አልመለሰልኝም።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፤ ካሴት ያለ እሱ መኖር ይቻላል። መጥረጊያ አይቻልም። እናንተ ጋ ሁለቱን አንድ ቦታ ነው ያስቀመጡባችሁ።

የስቶክሆልሙ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የልጅ ልጅዎንም ጭምር።

እርስዎ ያሉትን ነው ዩሮ ኤንካፕ አሁን የያዘው። አውሮፓ ውስጥ የመኪኖችን ደህንነት በኮከብ የሚሰጠው ድርጅት ነው። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ነገር በሚዳሰስ ቁልፍ ወይም ዘንግ እንዲሆን ይፈልጋል፦ ፍሬቻ፣ ሃዛርድ፣ መጥረጊያ፣ ክላክስና የድረሱልኝ ጥሪ። ያ የሌለው ነጥብ ይቀነስበታል፣ አምስት ኮከብ ማግኘት ይከብደዋል። ሕግ አይደለም፣ ግን ፋብሪካዎቹ ኮከቡን ለማስታወቂያ ስለሚፈልጉት ከሕግ ያላነሰ ያስገድዳቸዋል። ቮልስዋገን እንኳ ተመልሷል፤ የዲዛይን ኃላፊው በ2025 እ.ኤ.አ. መኪና ስልክ አይደለም ብሎ ለድምፅ፣ ለሁለቱ ጎን ሙቀት፣ ለማራገቢያና ለሃዛርድ ቁልፍ ይመለሳል አለ።

የየሰሚቷ የጭጋግ ማጥፊያ አምስቱ ውስጥ የለም፤ እኔ ብሆን ስድስተኛ አደርገው ነበር። ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ኤሌክትሪክ መኪና ብዙው ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ የአውሮፓ ኮከብ አይመለከተውም።

ሌሊት_ተረኛ

የራይድ ሾፌር ነኝ። ሁላችሁም ስለ ፋብሪካ ስክሪን ታወራላችሁ፤ የሶማሌ ተራውን ማን ያውራ? አሮጌ ኮሮላና ቪትዝ ላይ ቴፑን አውጥተው ትልቅ አንድሮይድ ይሰኩበታል። የፋብሪካው ቢያንስ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቪዲዮ ይዘጋል፤ ይሄኛው ምንም አይዘጋም። ባለፈው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ቀለበት መንገድ ላይ ኳስ እያየ ሲነዳ በመስኮት አየሁት። አንዴ መንገድ አንዴ ጎል!

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከፊቴ ሁለት ስልክ አለ፤ አንዱ ለትዕዛዝ አንዱ ለካርታ። ትዕዛዝ ሲመጣ በጥቂት ሰከንድ ካልነካሁት ሌላው ይወስደዋል። እየነዳሁ ነው የምነካው። ምን ላድርግ? የሚያስነካኝ እንጀራ ነው። ቆመህ ንካ የሚለኝ ሰው ሂሳቡን ይክፈልልኝ።

የኮሎኟ

ወንድሜ አንተን ማን ይፈርድብሃል። ግን እንግሊዝ አገር በ2020 እ.ኤ.አ. በሲሙሌተር (መንዳትን በሚያስመስል ማሽን) የተደረገ ጥናት ላይ ስልክ በእጁ ይዞ መልእክት የሚጽፍ ሾፌር አደጋ አይቶ እርምጃ ለመውሰድ 35 በመቶ ሲዘገይ፣ ስልኩን ከመኪናው ስክሪን ጋር አገናኝቶ በጣት የሚነካው ከ50 በመቶ በላይ ነው የዘገየው። በድምፅ ሲያዝ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። እና ቨርጂኒያ ያለኸው ወንድማችን በድምፅ አዛለሁ ስትል እሱም ሐሳብ ይወስዳል ለማለት ነው።

ቨርጂኒያ_ሐበሻ

ይወስዳል፣ አልክድም። በተለይ «ቦሌ» ስለው «ቦውሊንግ» ሲፈልግልኝ።

ጋራዥ_ዳር

ፋብሪካዎቹ ለምን እንደወደዱት ልንገራችሁ፤ ስልጣኔ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቅርጽ ማውጫ፣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ አምፖል፣ የራሱ መለዋወጫ አለው። ዳሽቦርድ ስፈታ አየዋለሁ፤ የድሮው እንደ አንጀት ሽቦ ነው፣ የአዲሱ አንድ ሁለት ገመድ። ለነሱ ስክሪን ይረክሳል። ለእኛ ግን ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ማራገቢያም ሬዲዮም ካሜራም አብሮ ይሄዳል፤ ዕቃው ደግሞ ከቻይና እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ድሮ አንድ ማዞሪያ ቢሰበር በፒንሳ ታዞራለህ።

የሰሚቷ

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን።

ቅዳሜ አንድ ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ስክሪኑን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረልኝ። ሁሉም ገጽ አልተቀየረም፣ ግማሹ አሁንም ቻይንኛ ነው፣ ግን የጭጋግ ማጥፊያዋን ሁልጊዜ ከሥር በምትታየው ረድፍ ላይ አስቀመጥናት። ካርታ ከፍቼም አትጠፋም። ጋራዥ_ዳር ያልከው ቅስት እውነትም እሷ ናት።

ከዚያ የሃንጋር_3ን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር አደረግኩ፣ አትሳቁብኝ። የቁስል ፕላስተር በመቀስ ቆርጬ፣ ደርቤ፣ በስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ ልክ ከስዕሏ ሥር ለጠፍኩ። አሁን አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ አስኬዳለሁ፣ ጉብታዋ ላይ ስደርስ ወደ ላይ አንዴ እነካለሁ። ግቢ ውስጥ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቴ ሳትኩ። ልጄ ትቆጥርልኝ ነበር።

ቱርቦ_ልጅ

ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዲዛይን በፕላስተር ሃሃሃ። አይ፣ የምሬን ነው፣ እኔም ልሞክረው ነው። የትኛው ጠርዝ ላይ አልሽ?

ሃንጋር_3

እህቴ፣ ቻፓኒስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሃንጋር ውስጥ ለልጆቹ አሳየኋቸው።

ጋራዥ_ዳር

ፕላስተሩ ግን ፀሐይ ላይ ስታቆሚያት ሙጫው ይቀልጥና ስክሪኑን ያጨማልቀዋል። የቁም ሣጥን በር ሲዘጋ እንዳይጮኽ የሚለጠፉ ግልጽ የላስቲክ ጠብታዎች አሉ፣ የቤት ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሁሉ ታገኛለሽ። ትንሿን ግዢ፣ ጠርዙን በአልኮል ጠርገሽ ለጥፊ። ጨርቁን ግን መኪናው ሲጠፋ ነው የምትጠቀሚው፤ በርቶ ከጠረግሽው የመቀመጫ ማሞቂያው ይበራብሻል።